ረድፍ ሳይጨርሱ መነሣት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኝ ዋለ። የደረሰብኝ ነገር የለም፤ ሰው አላስቀየመኝም፣ ክፉ ወሬም አልሰማሁም። አመሻሹ ላይ መጽሐፍ አንሥቼ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ካነበብሁ በኋላ ምን እንደሚል ሳላውቅ ዘጋሁትና፣ እትዬ የሰጡኝን የክር ከረጢት ከአልጋው ሥር ጎትቼ የሹራብ ሥራ ጅምሬን አወጣሁ። ልጽፍ ያሰብሁትም ስለዚሁ ነበር፤ አራት ጊዜ የፈታሁት የአንገት ልብስ በአምስተኛው ቀጥ ብሎ መውረድ እንደ ጀመረ፣ ጠርዙም እንደ ቀድሞው ወዲያና ወዲህ እንደማይል ለማስታወስ።

እትዬ ሲያስተምሩ ብዙ አይናገሩም። በመጀመሪያው ሰሞን «እንዴት ነው የሚጀመረው?» ብዬ ስጠይቃቸው እጃቸው ቀድሞ ሄደና ምላሳቸው ወደ ኋላ ቀረ፤ ዐሥር ያህል ቀለበት መርፌው ላይ ከተደረደረ በኋላ ቆም ብለው «እኔ እንጃ ልጄ፣ ስናገረው ይጠፋብኛል» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ሥራ ለእኔ ሲሉ ቀስ ሲያደርጉት እርሳቸውም ይሳሳታሉ፤ እጃቸው በራሱ ፍጥነት ሲሄድ ብቻ ነው መንገዱን የሚያውቀው። ፊት ለፊታቸው ስቀመጥ ሁሉም ነገር ስለሚገለበጥብኝ፣ አሁን አሁን ከኋላቸው ቆሜ፣ የእርሳቸው ቀኝ ለእኔም ቀኝ እንዲሆንልኝ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ እመለከታለሁ። ሲያስቡ ትንፋሻቸውን እንደሚይዙ ያወቅሁት እዚያ ቆሜ ነው።

እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዐይን» ይሏታል። አንዲት ዐይን ከመርፌው ካመለጠች ከሥሯ ያሉትን እያስከተለች እንደ መሰላል ወደ ታች ትተረተራለች፤ እኔ ስደነግጥ እትዬ ኪሮሻቸውን ያነሡና እርከን በእርከን እየለቀሙ ያመለጠችውን ወደ ቦታዋ ያወጧታል። የሹራብ ሥራ መሠረቱ ሁለት ነገር ብቻ መሆኑንም ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። ክሩ ከኋላ ሆኖ ሲሳብ የዐይኗ ፊት ይወጣል፤ ክሩ ወደ ፊት መጥቶ ሲሳብ ደግሞ ጀርባዋ ይወጣል። ሁለት ዓይነት ሥራ ይመስላል እንጂ ዐይኗ አንዲት ናት፤ ከወዲህ ያለው ሰው ፊቷን ሲያይ ከወዲያ ያለው ጀርባዋን ያያል። ይህን ባወቅሁ ቀን ሹራብ ማንበብ የጀመርሁ መሰለኝ። የመጀመሪያው ጅምሬ በ30 ዐይን ተነሥቶ 37 ላይ የደረሰው ለምን እንደ ሆነም ያን ጊዜ ገባኝ፤ በየረድፉ መነሻ ክሩን በመርፌው ላይ አሳልፌ ወደ ኋላ ስለምስበው፣ የመጀመሪያዋ ዐይን ሁለት እግር እያወጣች እንደ ሁለት ትቆጠርልኝ ነበር።

እትዬ ያን ባዩ ጊዜ አልተቆጡም። «ፍቺው» አሉኝ እንጂ። ስድስት ረድፍ ወደ ታች የቀረች አንዲት የተጣመመች ዐይን ቢያዩም ቃላቸው ያው ነው። ልቤ እየሳሳ እፈታዋለሁ። ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ክር የተሠራ በመሆኑ ጫፉን ይዘው ከሳቡት ያለ መቀስ ሁሉም ወደ ክርነቱ ይመለሳል፤ የተሸመነ ጨርቅ እንዲህ አይመለስም። የተፈታው ክር ግን የነበረበትን ቅርጽ ቶሎ ስለማይረሳ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ እትዬ ቱባ አድርገው ያጥቡትና ከሥሩ ከበድ ያለ ነገር አንጠልጥለው ሲያደርቁት ቀጥ ይልላቸዋል። ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የሰጠው ቃል ዘወትር ያስገርመኛል። ቋጠሮ ይፈታል፤ እስረኛም ይፈታል፤ ባልና ሚስትም ይፋታሉ፤ ሕልምም የሚፈታለት ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ማታ ከእነዚህ ሁሉ ያየለብኝ የመጨረሻው ነው።

ሁለተኛው ትእዛዛቸው «ረድፍ ሳትጨርሺ አትነሺ» የሚለው ነው። ስልክ ቢጮኽ፣ በር ቢንኳኳ፣ ሰው ቢጠራ እትዬ ጣታቸውን ከፍ አድርገው ያስታግሡና የያዙትን ረድፍ ከዳር አድርሰው ይነሣሉ። መሃል ላይ የተተወ ረድፍ በሁለቱም መርፌዎች ላይ ዐይን ስለሚኖረው፣ ተመልሰው ሲያነሡት ከየት ወደ የት ይሄዱ እንደ ነበር ያስጠፋል። ክሩ የተንጠለጠለበትን መርፌ በቀኝ እጅ መያዝ ሲገባ በግራ ከያዙት፣ ወደ ፊት የሄዱ እየመሰላቸው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። በዚያ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ትቀራለች፤ በአንዱ ወገንም ከሌላው ሁለት ረድፍ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በምክንያት ነው። ዛሬ ማታ የአንገት ዙሪያ እንዴት እንደሚዘጋ ለማየት ብዬ፣ በስድስት ዓመቴ እትዬ የሠሩልኝን ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ስንት ጊዜ ለብሼዋለሁ፣ ስንት ጊዜም አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ሳነበው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከጀርባው በኩል፣ ከአንገቱ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ረድፉ መሃል ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ብል የበላው ነው ብዬ ወደ መብራት አስጠጋሁት። ክሩ ግን አልተበጠሰም። ከቀዳዳዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ረድፎች በጥፍሬ እየነካሁ ቆጠርሁ፤ ደግሜም ቆጠርሁ። በአንዱ ወገን ሁለት ይበልጣል።

እትዬ ረድፍ ሳይጨርሱ ተነሥተው ነበር። ከቀዳዳዋ በታች ያለው ሥራ እኩልና ለስላሳ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው እስከ አንገቱ ድረስ ጠበቅ ያለ ነው፣ ክሩን አንቀው እንደ ያዙት ሁሉ። ልብ ሲጨነቅ እጅ ክር እንደሚያጠብቅ በራሴ አይቼዋለሁ። የዚያን ዓመት ነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁና አልደግመውም። እኔ ከዚያ ወቅት የማስታውሰው በሩ በተደጋጋሚ መከፈቱንና መዘጋቱን፣ ይህ ሹራብም ከብዙ ጊዜ በኋላ በራሴ ላይ ሲጠልቅ የእትዬን እጅ ማሽተቴን ብቻ ነው።

ከእትዬ ጋር ከጀመርሁ ወዲህ ስለዚህ ሥራ ያገኘሁትን ሁሉ ስለማነብ፣ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ የተሣለ አንድ የጀርመን ሥዕል ትዝ አለኝ። የሃምቡርጉ ማይስተር ቤርትራም ሥራ ነው ተብሎ በሚታወቀው የቡክስቴሁደ መንበር ሥዕል ላይ፣ እመቤታችን በአራት መርፌዎች ስፌት የሌለውን የልጇን ልብስ ዙሪያውን ስትሠራ ትታያለች፤ የቀራት አንገቱ ነው። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ከእግሯ አጠገብ ሳለ ሁለት መላእክት መስቀሉንና ጦሩን ተሸክመው ቆመዋል። ሥዕሉን መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ የመርፌዎቹ ብዛት ነበር የደነቀኝ። ዛሬ ግን የማስበው ስለ ያዘችው ረድፍ ነው፤ ጨርሳው ይሆን ወይስ እዚያው ትታው ተነሣች? እ.ኤ.አ. በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራውን የሹራብ መኪና ካበጀ ወዲህ፣ ይህ ሥራ ያለ እጅ መርፌና ያለ ጣት በብዙ እጥፍ ፍጥነት ይሠራል። መኪናው ሲቆም ያቆመበትን አይረሳም፤ ሲነሣም እጁ አይጠብቅም። ለዚህም ነው እኔ የእጅ ሥራን የማስበልጠው፤ አንድ ሰው በየትኛው ቀን እንዴት እንደ ነበረ ልብሱ ላይ ይቀራልና።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለአንዲት የተጣመመች ዐይን ስድስት ረድፍ የሚያስፈቱኝ ሰው ይህን እንዴት ተዉት? ሳያዩት ቀርተው ይሆናል እንዳልል የእትዬን ዐይን አውቀዋለሁ። ቸኩለው ነበር እንዳልል ሹራቡ የደረሰልኝ ዘግይቶ ነው፤ ለመፍታት ጊዜ ነበራቸው። ምናልባት ያን ቀን መልሶ መፍታት አልፈለጉም። ምናልባትም «አትነሺ» የሚለው ትእዛዝ የተወለደው ከዚያች ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ በፊት እንደ ማንኛችንም የትም ጥለውት ይነሡ እንደ ነበር ማን ያውቃል።

ነገ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። ሹራቡን ከጅምሬ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ አወጣሁት፤ አሁን ደግሞ መልሼ ከትቼዋለሁ። ጭናቸው ላይ ዘርግቼ ቀዳዳዋን በጣቴ ባሳያቸው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ትንሽ ካሰቡ በኋላ «ፍቺው» ይሉኝ ይሆን?