ቁጥር የሌለው ሪፖርት

የትምህርትና የእድገት ሥነ ልቦና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ሱፐርቫይዘራቸው እኔ ነኝ። ከልጆቹ ጋር የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እኔ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ በመጨረሻም ሪፖርታቸው ላይ እፈርማለሁ። ፊርማው ቀልድ አይደለም፤ ያ ወረቀት ልጁን ለዓመታት ሊከተለው ይችላል።

አንዷ ተለማማጅ የ7 ዓመት ልጅ ደረሳት። አስተማሪው የላከችው "ትኩረት የለውም፤ ሦስቴ ካልተነገረው አይሰማም፤ ደህና የሚሆንበት ቀንም አለ" ብላ ነው። ተለማማጇ የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተናውን ሰጠችውና ረቂቋን ይዛልኝ መጣች። ጽሑፏ የጠራ፣ ሰንጠረዧ የተስተካከለ ነው። በብሎክና በሥዕል የሚሠራው ላይ ልጁ ከእኩዮቹ አያንስም። በጆሮ ሰምቶ በሚመልሰው ላይ ግን ወርዷል። ድምሩም ከ85 በታች ሆኗል። የመለኪያው አማካይ 100 ነው፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ የሚያርፉት በ85 እና በ115 መካከል ነው። መደምደሚያዋ "የትኩረት ችግር" ይላል።

"እሱ ይቆይ፤ መመዝገቢያ ወረቀቱን አምጪው" አልኳት።

ፊቷ ቅጭም አለ። መመዝገቢያ ወረቀት ልጁ እየተፈተነ በጥድፊያ የሚሞላ ስለሆነ ማንም ማሳየት አይወድም። ጠያቂም የለውም፤ ብዙ ሱፐርቫይዘር ያማረውን ሪፖርት አንብቦ ይፈርማል። እኔ ግን እውነተኛው ሥራ እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው ባይ ነኝ።

የእሷ ደግሞ ወርቅ ነበር። አብዛኛው ተማሪ ልጁ ሲሳሳት ዜሮ ጽፎ ያልፋል። እሷ ከልጁ አፍ የወጣውን አንድ በአንድ ጽፋዋለች። በሰከንድ አንድ ቁጥር እየተነበበለት የሚደግምበት ክፍል አለ። "ሰባት፣ ሁለት፣ አምስት" ስትለው "አራት፣ ሁለት፣ አምስት" ብሏል። ዝቅ ብሎም ሰባት እንደገና አራት ሆኗል።

ሐሳቡ የሸሸ ልጅ ቁጥር ይዘላል፣ ቅደም ተከተል ያምታታል። ይሄ ልጅ ስንት ቁጥር እንደተባለ አልጠፋውም፣ ተራውንም አልሳተም። የተሳሳተው የሚመሳሰሉ ድምፆች ላይ ብቻ ነው።

"ስታነቢለት ወዴት ያይ ነበር?"

"አፌን" አለች ወዲያው። ከዚያ ዝም አለች። "ጆሮው ግን... እናቱ ደህና ነው ብላኛለች።"

እናት ብትልም፣ ከፈተናው በፊት መስማቱና ማየቱ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ በሁለቱም ጆሮዎቹ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተገኘ። ትንንሽ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ትኩሳትም የለውም። ድምፅ ግን በግድግዳ ማዶ እንደሚወራ ይሆንባቸዋል፤ ያውም አንዳንድ ቀን ይሻላል፣ አንዳንድ ቀን ይብሳል። የአስተማሪዋ "ደህና የሚሆንበት ቀንም አለ" ትርጉሙ የገባን ያኔ ነው። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ ሐኪሙ 3 ወር እንጠብቅና እንየው አለ።

ለተለማማጇ ግን ጭንቁ ገና መጀመሩ ነበር። "ታዲያ ውጤቱን በምን ላስተካክለው?" አለችኝ። በምንም! ያልሰማውን ጥያቄ ተጠይቆ የመጣ ነጥብ አይታረምም። በሳምንቱ ደግመን እንፈትነው እንዳንል ደግሞ ልጁ ፈተናውን ስለለመደው ነጥቡ ከፍ ሊል ይችላል። ሴሚስተሩ እያለቀ ነው፣ የልምምዱ ቅጽ ደግሞ ድምር ውጤት ይጠይቃል። እንባዋ መጣ።

ቁጭ ብለን እንደ አዲስ ጻፍነው። በዓይኑ አይቶ የሚሠራውን ገለጸች፣ ድምሩን ለምን እንዳልሰጠች በሁለት አረፍተ ነገር አስረዳች። ከዚያ ለአስተማሪዋ የሚሆን አንድ አንቀጽ ጨመረች፦ ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ፊትሽን እያየ አናግሪው፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትእዛዝ አትስጪ።

የልምምዱ አስተባባሪ ደወለልኝ። "ሪፖርቱ አልተሟላም፤ ቁጥሩ የለም።"

"ያልተሞላበትን ምክንያት አንብበኸዋል?"

አላነበበውም። አንብቦ ሲያበቃ "ይሁን እንግዲህ" አለ፣ ትንሽ እያጉረመረመ። አስተማሪዋ ግን የልጁን ወንበር የቀየረችው ሪፖርቱ በደረሳት ማግስት ነው።