አውራ ዶሮው የት አለ?

ለማንም አላወራውም ብዬ ነበር። ግን እማዬ ሰፈሩን በሙሉ ስላዳረሰችው ከእኔ አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ስልኬ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ አሜሪካ ሆና ተጠቅማ ተጠቅማ የላከችልኝ ናት፤ ያቺ ከታች ክብ ቁልፍ ያላት። አካውንቱ ዛሬም የእሷ ነው። እኔ የራሴን ለመክፈት፣ እሷ የባንክ ካርዷን ለማንሳት ስንሰንፍ ሦስት ዓመት ሞላን። የይለፍ ቃሉን አንዴ ነግራኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአውራ ጣቴ አሻራ ነው የምገባው።

የእርሻ ጌም እጫወታለሁ። (አዎ፣ ጎመን አጠጣለሁ።) ቅዳሜ 9 ሰዓት ገደማ የወርቅ አውራ ዶሮ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። ዘውድ ደፍቷል። ደረቱን ነፍቶ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ዕዳ እንዳለብኝ ቁልቁል ያየኛል። ከራሱ በላይ «2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ቀረ!» ይላል። እሱ ካለ ለ24 ሰዓት ዶሮዎቼ እጥፍ ይጥላሉ አሉ። ዋጋ 9.99 ዶላር። መዝጊያዋ ኤክስ ጤፍ ታክላለች። እሷን ስፈልግ ጣቴ «ግዛ» ላይ አረፈ። ደንግጬ ልውጣ ብዬ ክቡን ቁልፍ ተጫንኩ። አሻራ የሚያነበው ደግሞ እሱው ነው። ፈረምኩ።

ከሆነ አይቀር እንቁላሌን ልልቀም ስል መብራት ሄደ። ባትሪ 3 በመቶ። ስልኩ ይጥፋ አይጥፋ ሰዓቱ እነሱ ሰርቨር ላይ ይቆጥራል። መብራቱ እሁድ ከምሳ በኋላ ሲመጣ ግማሹን ያልነካሁት የቀን ጥቅሌ ጊዜው አልፎበታል። ከፍዬ የገዛሁት ሜጋባይት እንደ ወተት የሚበላሸው ምን ሆኖ ነው? ሌላ ጥቅል ገዝቼ ስገባ ዶሮው ሊሄድ 11 ደቂቃ ቀርቶታል። አንዴ ጮኸልኝ። አራት እንቁላል ለቀምኩ።

እትዬ የደወለችው ሁለተኛው ቡና ላይ ነው፤ አክስቴም ጎረቤቶችም ባሉበት፣ ስፒከር ተከፍቶ።

«አንተ! የወርቅ አውራ ዶሮ ብሎ ደረሰኝ ኢሜሌ ላይ መጣብኝ፤ ምንድነው?»

እማዬ ቀደመችኝ። «አውራ ዶሮ ገዛ? እሰይ የኔ ልጅ! የት አስረኸው ነው?»

«ስንት አሉህ?» አሉ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ። 10 ዶላር ስላቸው በብር መንዝረው «ለአውራ ደህና ነው፤ ሥጋ አለው?»

አስረዳሁ። ሰው ጤናው ሲታወክ የሚታየውን ዓይነት አስተያየት አዩኝ።

«እና አይታረድም?» አለች እማዬ።

«አይታረድም።»

«እንቁላሉስ?»

ሌሊቱን ስገነጣጥለው አደርኩ። የዶሮ ብልት 12 ነው። የመተግበሪያ መደብሮች ከእንዲህ ያለ ሽያጭ እስከ 30 በመቶ ይቆርጣሉ፤ ይህ ማለት ሦስት ብልት ተኩል ገደማ፣ ፈረሰኛው እንደሚኖርበት አልጠራጠርም። የቀረውን የጌሙ ባለቤቶች። ለእኔ አንገቱ እንኳ አልደረሰኝም።

ትናንት እትዬ ስክሪንሾት ላከችልኝ። ገንዘቤ ይመለስልኝ ብላ ስታመለክት ምክንያት ምረጪ ብሏታል፤ «ልጅ ያለ ፈቃድ ስለገዛ» የሚለውን መርጣለች።

34 ዓመቴ ነው። ወዲያው አምነው መለሱላት።