ባሬላ ነው ወይስ ቱንቢ?

አናጺ መሆኔን ለእናቴ ሳልነግራት ሁለት ዓመት ቆየሁ። ከሚኒሶታ በደወልኩ ቁጥር «ሥራ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «ደህና ነው እማዬ» እላለሁ፤ እሷም ለጎረቤቶቿ «ልጄ ኢንጂነር ናት» ትላለች። የተማርኩት አርክቴክቸር እንጂ ምህንድስና አልነበረም። ድሬዳዋ ላይ ግን ሕንፃን የሚመለከት ነገር የተማረ ሁሉ ኢንጂነር ነው፤ ማን ይከራከራል?

መደበቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። እናቴ ያሳደገችኝ በሕንፃ ሥራ ላይ ባሬላ ተሸክማ ነው። ከደቻቱ ወንዝ የወጣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ አርማታ፣ ሁሉንም በዚያ በድሬ ፀሐይ፣ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ወደ ላይኛው ፎቅ ታወጣ ነበር። ከእሷ ጋር ሥራ የጀመሩ ወንዶች ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆዩ ከግንበኛው ሥር ገብተው ረዳት ይሆናሉ፤ ትንሽ ቆይተው እነሱም ግንበኛ ይባላሉ። እናቴ አሥራ አንድ ዓመት ባሬላ ላይ ቀረች። የቀን ሒሳቧ ከወንዶቹ ያንስ ነበር። የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚታይበትን ቱንቢ እንድታቀብል እንጂ ራሷ አንጠልጥላ እንድታይበት የጋበዛት ሰው የለም። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። እሷ ግን አትናደድም ነበር፤ ቁጭቷን ሁሉ እኔን በማስተማር ላይ አዋለችው።

ዲቪ ደርሶኝ ስሄድ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። እዚያ አርክቴክት ተብሎ ለመመዝገብ የውጭ ዲግሪ መገምገም አለበት። ከዚያ 3,740 ሰዓት የተመዘገበ የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ከዚያ ስድስት ፈተና፣ እያንዳንዱም በክፍያ። መንገዱ ዝግ አይደለም፤ የሄዱበትን አውቃለሁ። እኔ ግን የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜም ዓመት አልፎኝ ነበር። አንድ ቀን የሐረር ልጅ የሆነ ደንበኛ «ለምን በተለማማጅነት አትገቢም? እየሠራሽ ትማሪያለሽ፣ እየተማርሽ ይከፈልሻል» አለኝ። ለአናጺ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ነው። ደመወዙ ሙያውን ከጨረሰ ሠራተኛ ክፍያ ላይ በመቶኛ ተነሥቶ በየደረጃው ያድጋል። ለትምህርቱ ዕዳ ውስጥ አልገባሁም። ያሳፈረኝ ሥራው አልነበረም፤ እናቴ ነበረች።

የመጀመሪያው ወር ትዕቢቴን አበረደው። አምስት ዓመት ሕንፃ ስስል የኖርኩ ሰው «ሁለት በአራት» የሚሉት እንጨት ሁለት ኢንች በአራት ኢንች እንዳልሆነ አላውቅም ነበር፤ ደርቆና ተልጎ ሲያልቅ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ነው። ፎርማኑ አርባ ቋሚ እንጨት 92 ከ5/8 ኢንች አድርጌ እንድቆርጥ አዘዘኝ። እኔ በሴንቲ ሜትር ነው የማስበው፤ አስልቼ 235 አልኩና ቆረጥኩ። ትክክለኛው 235.27 ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ብትጎድል ልስን ይሸፍናታል ብዬ ነበር፤ የእንጨት ግድግዳ ግን ልስን የለውም። የእኔ ቋሚዎች ከሌሎቹ ጎን ሲቆሙ የላይኛው አግዳሚ ሆዱን አሳየ። ፎርማኑ አልጮኸም። የኢንች ሜትሩን ሰጥቶኝ «ይህን ብቻ አንብቢ፣ አትተርጉሚ» አለኝ። ያ ቁጥር ለምን እንዲያ ወለም ዘለም ያለ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ከታች አንድ፣ ከላይ ሁለት አግዳሚ ሲጨመርበት 97 ከ1/8 ኢንች ይሆናል፤ የኮርኒሱ ጂፕሰም ከተመታ በኋላ ስፋታቸው 48 ኢንች የሆነ ሁለት የጂፕሰም ሰሌዳዎች ተደራርበው ልክ ይገባሉ። ይህን ማንም መምህር አልነገረኝም፤ ትከሻዬ ነው ያስተማረኝ።

ምስጢሬ የወጣው በውርጭ ምክንያት ነው። አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር በስልክ ስንጫወት «እዚህ እኮ መሠረት 42 ኢንች ነው የምንቆፍረው» አልኩ፣ ሳላስበው። ከአንድ ሜትር ይበልጣል። እናቴ ዝም አለች። «እዚያም ደቻቱ አለ እንዴ?» አለችኝ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እሷ እዚያው ነበረች፤ ጥልቅ መሠረት ስትሰማ የሚታያት ጎርፍ ነው። አፈር ውስጥ ያለው ውሃ በብርዱ ወራት በረዶ ሲሆን እንደሚያብጥ፣ ያበጠው አፈር ቤቱን ከሥሩ ገፍቶ እንደሚያነሣው፣ ስለዚህም ውርጩ ከማይደርስበት ድረስ እንደሚወረድ አስረዳኋት። ገባት። ከዚያ ግን «ቆይ፣ ‹የምንቆፍረው› ነው ያልሽው?» አለች።

ነገርኳት። «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው። አንድ ሳምንት ሙሉ አላነሣችም። በስምንተኛው ቀን ራሷ ደወለች፤ ሰላምታም የለ። «የሰጡሽ ባሬላ ነው ወይስ ቱንቢ?»

«ቱንቢም፣ ውሃ ልክም እማዬ። በብርሃን የሚለካ ውሃ ልክም አለን።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ» አለች።

ባለፈው ክረምት ድሬ ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ «አክስቴ፣ አርክቴክቸር ልግባ ወይስ እንደ አንቺ ሙያ ልማር?» እያለች አላስቀምጥ አለችኝ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ይዣት ሐረር ወጣሁ። በደንገጎ ጠመዝማዛ ከሙቀቱ ሲወጡ አየሩ ራሱ ሌላ አገር ነው። ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት አስፈቅደን ገባን። ልጅቷ ሳሎኑን አይታ «ወለሉ ለምን ደረጃ ደረጃ ሆነ?» አለች። ወንበር እንደሌለ አሳየኋት። ቀይ የተቀባው፣ ከፍና ዝቅ ያለው መደብ ነደባ ይባላል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በክብሩ የታወቀ ነው። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎችም ቁም ሳጥን ናቸው። የቤት ዕቃው ቤቱ ራሱ ነው። «ይህን የሳለው ማነው?» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ቤት የሳለ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የገነባ ነው ያለው። ለጥያቄዋ የነበረኝ መልስ ያ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ አልከለክልሽም፤ ግን ከመግባትሽ በፊት ይህን ክረምት ከግንበኛ ሥር ዋይ አልኳት። ፊቷን አጨማደደች። አልፈረድኩባትም፤ የድሬ ክረምት ነው።

የምትውልበትም ቦታ ሩቅ አልነበረም። እዚያው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ለእናቴ ከጓሮ ሁለት ክፍል እያሠራሁላት ነበር። አሸዋ በመጣ ቀን ወጣቱ ግንበኛ እናቴን «እማማ፣ ፀሐይ ነው፣ ጥላ ይቀመጡ» አላት። እሷ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ አሸዋ ዘገነች፤ በሁለት መዳፏ አሸት አሸት አድርጋ አራገፈችው። መዳፏ ላይ ቡናማ ቀለም ቀረ። «ይህ አፈር አለበት። ሲሚንቶ አይዝም» አለች። ግንበኛው ፈገግ አለ፤ የአሮጊት ወሬ መስሎታል። የውሃ ጠርሙስ አምጥቼ ግማሹን በአሸዋው ሞላሁት፤ ውሃ ጨምሬ በደንብ ነቅንቄ መስኮት ላይ አቆምኩት። ከሰዓት በኋላ ስናየው ከአሸዋው ላይ ጣት የሚያህል ጭቃ ረግቷል። የእህቴ ልጅ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ግንበኛው ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ለሾፌሩ ደወለ።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ጭነት መጣ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በር ላይ ቆማ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ወደ ረዳቱ ዞር ብሎ «ቶሎ አታውርድ፤ መጀመሪያ ኢንጂነሯ ይዩት» አለው።