ኮንቴንትፉልና ሪአክት፦ ገጹ የሚወድቀው የት ላይ ነው?

ኮንቴንትፉል የተባለው የይዘት ማስተዳደሪያ አገልግሎት ጽሑፍና ፎቶ ያስቀምጥላችኋል እንጂ ገጽ አይሠራላችሁም። ይዘቱን በጄሰን (ኮድ በሚያነበው የዳታ ቅርጽ) ይልካል፤ ገጹን በሪአክት፣ ማለትም በጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ፣ መሥራቱ የእናንተ ነው። ማገናኘቱ አያስቸግርም። የስፔሱን (የይዘት ማከማቻችሁን) መለያና የዴሊቨሪ ቶከኑን (የታተመውን ይዘት የሚያስነብበውን ቁልፍ) ወስዳችሁ፣ የኮንቴንትፉልን የራሱን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጭናችሁ ኤንትሪዎችን (የይዘት መዝገቦችን) የሚያመጣውን ጌት ኤንትሪስን መጥራት ነው። ጣጣው የሚጀምረው አርታዒዎች መጻፍ ሲጀምሩ ነው።

ሳይሞላ የቀረ ፊልድ (ለምሳሌ የርዕስ ወይም የፎቶ ቦታ) ባዶ ሆኖ አይመጣም፤ ከነስሙ ከምላሹ ውስጥ ይጠፋል። ፎቶ የሌለው አንድ ጽሑፍ ሲታተም ኮዱ አንዲፋይንድ (የሌለ ዋጋ) ላይ ይወድቃል። የተያያዘ ኤንትሪም ያው ነው፤ ጽሑፉ ታትሞ የጸሐፊው ኤንትሪ ገና ድራፍት (ያልታተመ) ከሆነ፣ የሚደርሳችሁ የጸሐፊው መለያ ብቻ ነው፣ ስሙ የለም። የፕሪቪው ኤፒአይ ድራፍቱንም ስለሚያሳይ ስትሞክሩት ሁሉ ደህና ይመስላል። ስለዚህ በዴሊቨሪ ቶከኑም ሞክሩት። ገጹ ያለሱ የማይቆምበትን ፊልድ ኮንቴንትፉል ውስጥ ባለው የይዘት ሞዴል ላይ ሪኳየርድ (ግዴታ) አድርጉት፤ ለሌላው ኮዱ ላይ ኦፕሽናል ቼይኒንግ (ዋጋው ከሌለ ሳይወድቅ የሚያልፈውን አጻጻፍ) ተጠቀሙ።

የተያያዙ ኤንትሪዎችን እስከ ስንት ደረጃ እንደሚከተል የሚወስነውን ኢንክሉድን ካልነካችሁት የሚከተለው 1 ደረጃ ብቻ ነው። ከጽሑፉ ወደ ጸሐፊው፣ ከጸሐፊው ወደ ፎቶው ለመድረስ 2 ያስፈልጋል። እስከ 10 ይፈቀዳል፤ ግን ምላሹ ከ7 ሜጋባይት ካለፈ አይላክም፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። በአንድ ጥሪ የሚመጣውን የኤንትሪ ብዛት የሚወስነው ሊሚትም በራሱ 100 ነው፣ ጣሪያው 1000። 101ኛው ጽሑፍ ያለ ምንም ኤረር ይቀራል፤ ይህን ነው አጥብቄ የምፈራው። በስኪፕ እየዘለላችሁ ቀሪውን አምጡ።

የፎቶ አድራሻ የሚመጣው በሁለት እዝባር ጀምሮ ነው፤ ፊቱ ላይ ኤችቲቲፒኤስና ሁለት ነጥብ ጨምሩ። እግረ መንገዳችሁን ስፋቱን 800 ፒክሰል፣ ፎርማቱን ዌብፒ አድርጉት፤ በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የገጹን አድራሻ ከአማርኛ ርዕስ አታውጡት። ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ 9 ምልክት ይሆናል፤ «አዲስ» ብቻ 27 ይደርሳል። ለአድራሻው የራሱን ፊልድ ከፍታችሁ በላቲን አስጽፉ፣ ዩኒክም (የማይደገም) አድርጉት።

የማኔጅመንት ቶከን ይዘት ይለውጣል፣ ይሰርዛልም። በኔክስት ጄኤስ ወይም በቪት (የሪአክት ገጽ መገንቢያዎች) ስትሠሩ ቶከኑን ለያዘው ተለዋዋጭ ኔክስት ፐብሊክ ወይም ቪት በሚል ቅድመ ቅጥያ የሚጀምር ስም ከሰጣችሁት ብራውዘር ውስጥ ይገባል፣ ማንም ያነበዋል። ሰርቨር ላይ ብቻ ይቀመጥ።

ገጹን አስቀድማችሁ ቢልድ የምታደርጉ (የምትገነቡ) ከሆነ ዌብሁክ (ይዘቱ ሲለወጥ አዲስ ቢልድ የሚያስጀምር መልእክት) አገናኙ። ኅትመትን ብቻ ሳይሆን አንፐብሊሽንም ምረጡ፤ አለዚያ የተነሳው ጽሑፍ እስከሚቀጥለው ቢልድ ገጹ ላይ ይቆያል።