ቦሩ ሜዳ ላይ የጎደለችው አንዲት ነጥብ

ሩጫ የግል ስፖርት ነው የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ብለው ይጠይቁኛል እንጂ «ቡድኑስ እንዴት ሆነ?» ያለኝ ሰው እስከ ዘንድሮ አላጋጠመኝም። አልፈርድባቸውም። ሁላችንም ያደግነው በሬዲዮ የአንድ ሰው ስም ሲጠራ እየዘለልን ነው፤ ምሩፅ፣ ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ። ከእነሱ ኋላ አምስተኛና ስምንተኛ የወጣው ማን እንደነበር የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ።

ደሴ ላይ የስፖርት መምህር ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከ12 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ሰብስቤ አገር አቋራጭ አሠለጥናለሁ። የዘንድሮውን የውድድር ዘመን ግንቦት ላይ ቦሩ ሜዳ ዘጋነው። በዕለቱ የነበሩ አሠልጣኞች «ልጆቹን እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ ያስተሳሰርካቸው?» ስላሉኝ ያደረግኩትን ልጻፈው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከበረዶ ነው። እህቴ ኖርዌይ ትኖራለች፤ ልጇ አገር አቋራጭ ስኪ ይወዳደራል። እኛ ስኪ ሲባል ከተራራ ቁልቁል መወርወር ይመስለናል። ይኼኛው ግን ሜዳውንም ዳገቱንም በገዛ ሳንባ የሚገፉት፣ ከእኛ ሩጫ ጋር ቅርብ ዘመድ የሆነ ስፖርት ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም ቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የተሰለፈበትም ይኸው ነው። እህቴ የልጇን ውድድር ቪዲዮ ስትልክልኝ መጀመሪያ የማየው ለይሉኝታ ነበር። በኋላ ግን ዓይኔ ከሯጮቹ ይልቅ በዙሪያቸው ያለው ሥርዓት ላይ ያርፍ ጀመር።

እዚያ አገር ልጆች 11 ዓመት ከሚሞላቸው ዓመት በፊት አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ የሚዘረዝር ውጤት አይለጠፍባቸውም። አገር አቀፍ ሻምፒዮናም 13 ዓመት ከሚሞላቸው ዓመት በፊት የለም። ይህን ስነግረው አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታዲያ በምን ይበረታታሉ?» ብሎ ሳቀብኝ። ያቺው አገር በ2014 ዓ.ም ቤጂንግ ላይ 16 ወርቅ ይዛ ነው የተመለሰችው። ዱላ ቅብብላቸውም ዱላ የለውም፤ የመጣው የሚሄደውን በእጁ ይነካዋል፣ በቃ። ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም ሶቺ ላይ 15 ኪሎ ሜትሩን ያሸነፈው የስዊዘርላንዱ ዳሪዮ ኮሎኛ፣ ጎድን አጥንቱ ተጎድቶ የተወዳደረው የፔሩ ሰው እስኪገባ ድረስ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠብቆ እጁን ጨበጠው። ከስምንት ዓመት በኋላም ቤጂንግ ላይ ፊንላንዳዊው ኢቮ ኒስካነን ወርቁን ካረጋገጠ በኋላ ሩብ ሰዓት አልፎ የመጣውን ኮሎምቢያዊ ጠበቀ። የእኛ ልጆች አንደኛ ሲወጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ውሃና ስልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን ልውሰድ? ንግግር እንደማይሠራ አውቃለሁ። ውድድር ሲቃረብ «አንድ ነን» ብሎ ቲሸርት ማሳተም የተለመደ ነው፤ ቲሸርቱ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ አንድነቱም ይለቃል። ስለዚህ ገና ጥቅምት ላይ ደንቡን ራሱን ቀየርኩት። የልምምድ ውጤት የሚመዘገበው በሰው ሳይሆን በቡድን ሆነ። ዓለም አቀፉ አገር አቋራጭ እንደሚያደርገው ከስድስት ሯጭ የአራቱ ደረጃ ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰ ያሸንፋል። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፍኩላቸው፦ አንዱ ቡድን 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ወጥቶ አራተኛው ሰው 30ኛ ቢገባ ድምሩ 36 ነው። ሌላው 6ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ፣ 9ኛ ቢገባ 30። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባው ልጅ ዞር ብሎ ኋላ ወንበር ላይ ያለውን ጓደኛውን ሲያየው አየሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙን በትክክል ማወቁንም እጠራጠራለሁ።

የማድሪዱንም ታሪክ ነገርኳቸው፤ ልጆች ከድል ይልቅ ስህተት ያለበት ታሪክ ይወዳሉ። በ1973 ዓ.ም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም አገር አቋራጭ ላይ ስትሰለፍ የእኛ ሰዎች ከፊት ሆነው ይመሩ ነበር። አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው አፈተለኩ። መቅረቱን ሲያውቁ ጉልበታቸው ተሟጦ ነበር። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ደርሶ አሸነፈ፣ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሆነ። የቡድኑን ዋንጫ ግን ኢትዮጵያ ወሰደችው፤ ያኔ የሚደመረው የስድስት ሰው ደረጃ ስለነበር ከኋላ ያሉት ተንገዳግደውም ቢሆን ቦታቸውን አልለቀቁም። «ቲቸር፣ ዙሩን የሚቆጥርላቸው ሰው አልነበረም?» አለችኝ አንዷ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙር ቆጣሪያችን እሷ ናት፤ ስትቆጥር ድምጿ ሙጋድ ሰፈር ድረስ ይሰማል።

ቅዳሜ ጠዋት የጦሳ ተራራ ግርጌ ባሕር ዛፍ ውስጥ የምንሮጠውን ገልብጬ አስጀምረው ጀመር። ዘገምተኛው ቀድሞ ይነሳል፣ ፈጣኑ መጨረሻ ላይ ይለቀቃል፤ ልዩነቱን ካለፈው ሳምንት ሰዓታቸው አሰላለሁ። ስሌቱ ከተሳካ ሁሉም መጨረሻው አጠገብ ይገናኛሉ። ይህ ለሁለቱም ወገን ጠቀመ። ዘወትር ጭራ የነበሩት ሰው ከኋላ ሲመጣባቸው መሮጥ ምን እንደሚመስል አወቁ። ፈጣኖቹም በየመንገዱ የሚያልፉትን ልጅ ፊት ለፊት ያዩታል፤ ሲያልፉ ጀርባውን መታ አድርገው «ና፣ ተከተለኝ» ማለት የጀመሩት ራሳቸው ናቸው፣ እኔ አላዘዝኩም።

ጫማ ሌላው ጉዳይ ነው። ስኪ ላይ ሰም መቀባት የሚባል ሥራ አለ፤ እንደ በረዶው ቅዝቃዜ ሰሙ ይመረጣል፣ ለታናናሾቹ ወላጆችና ታላላቆች ናቸው የሚቀቡት። እኛ ሰም የለንም፣ ጭቃ አለን። እስፓይኮቹን (ሶላቸው ሹል ብረት ያለው የሩጫ ጫማዎች) ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ የቡድኑ አደረግኳቸው። እግሩ ያደገበት ያስረክባል፣ የደረሰው ይረከባል፣ በመዝገብ ይፈረማል። አጠባው በተራ ነው፤ የቡድኑ ፈጣን ልጅም ተራው ሲደርስ በጥርስ ብሩሽ ጭቃ ይፈቀፍቃል። መጀመሪያ ላይ አንድ አባት ጫማ ገዝተው «ይኼ ግን የልጄ ነው» ብለውኝ ነበር። ይሁን አልኳቸው። ከወር በኋላ ልጁ ራሱ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረው።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተደርበው መጡ። ወሎ ውስጥ ቡድን ስትይዝ ሁለቱም ጾም ያንተ ነው። ከባዱን የዳገት ሩጫ ጾሙ ሳይገባ ጨርሰን፣ በጾሙ ሳምንታት ልምምዱን ወደ 11 ሰዓት አዞርኩት፤ ቀላል ሶምሶማና ማፍታታት ብቻ። ስንጨርስ አዛኑ ይደርሳል። ቴምር ከሁለቱም ጾም ጋር አይጣላም፣ የምስር ሳምቡሳም እንደዚያው። አንዲት እናት ሳምቡሳውን በፌስታል ይዘው መጥተው ልጆቹ ሲሽቀዳደሙ ቢያዩ «አብሽሩ፣ ለሁሉም ይበቃል» አሉ። ለቡድኑ መንፈስ እኔ ካወጣሁት ደንብ ሁሉ የእሳቸው ፌስታል ሳይበልጥ አይቀርም።

የመጨረሻው ውድድር ቦሩ ሜዳ ነበር፤ እኛ፣ ኮምቦልቻና ኩታበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም የሃይማኖት ጉባኤ የሰበሰቡበት ሜዳ ነው፤ እኛ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ስለ ዙሩ ርዝመት ስንከራከር አረፈድንበት። በልጉ ዘግይቶ ሣሩ ገና ርጥብ ነበር። የኮምቦልቻ ልጆች ከቤታቸው ብዙ ከፍታ ወጥተው ስለሚሮጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ብለን ነበር። አላጠራቸውም! የወንዶቹን ሩጫ 1ኛና 2ኛ ሆነው እነሱ ገቡ።

የእኛዎቹ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 8ኛ፣ 10ኛ። ድምር 26። ኩታበሮች 4ኛ፣ 6ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛ። ድምር 26። ኮምቦልቻ ሁለቱን ቀዳሚ ቦታ ይዞ ቀሪዎቹ 11ኛና 13ኛ ስለገቡ 27። ድምሩ እኩል ሲሆን አራተኛ ሯጩ የቀደመለት ቡድን ያሸንፋል። የኩታበር አራተኛ 9ኛ ነው፣ የእኛ 10ኛ። ዋንጫው ወደ ኩታበር ሄደ።

እኔ የፈራሁት 10ኛ የወጣውን ልጅ ነበር። ልከላከልለት ወደሱ ስሄድ አራቱ ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። 5ኛ የወጣው «ከፊቴ የነበረው እኮ የኩታበር ልጅ ነው። እሱን ባልፈው እኛ 25፣ እነሱ 27 ይሆኑ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። 8ኛው «የኔም ከፊቴ የነበረው ኩታበር ነው» ብሎ ይመልስለታል። 3ኛ የወጣው ደግሞ የኮምቦልቻውን ሁለተኛ ባልፍ ይበቃን ነበር ባይ ነው። 10ኛው ልጅ መሐላቸው ቆሞ የሁሉንም ሒሳብ እያረመ ነበር፤ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው። የጎደለችውን ነጥብ አራቱም የእኔ ናት እያሉ ሲሻሙባት ዝም ብዬ ተመለስኩ።

የሴቶቹን የእኛ ልጆች ሰፋ ባለ ልዩነት አሸነፉ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ከወንዶቹ ይልቅ ተግተው ሠርተዋል፣ አገኙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እንደ ኮሎኛ መጠበቅን ለሚሞክር አሠልጣኝ። ደንባችን የመጨረሻው ሯጭ ሳይገባ ማንም ከመስመሩ አይሄድም የሚል ነው። የቦሩ ሜዳ ነፋስ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ላብ የጠጣ ካናቴራ ለብሶ የቆመ ልጅ ወዲያው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቱታ ይለበሳል፣ ከዚያ እየተንጎራደዱ ይጠበቃል። የኮምቦልቻው አሸናፊ የእኛን ልጆች አይቶ አብሯቸው ቆመ። መጨረሻ የገባው የራሱ ቡድን ልጅ ስለነበር ደግ ሆነ።

ቀኑን የዘጋነው በቅልቅል ቅብብል ነው። የዓለም አገር አቋራጭ ይህን ውድድር የጀመረው በ2009 ዓ.ም ካምፓላ ላይ ነው፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም ኦርሁስ ላይ ወርቅ ወስዳበታለች። እኛ ቅብብሉን በእጅ መንካት አደረግነው፣ ቡድኑንም በከተማ ሳይሆን በዕጣ ደለደልነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከኩታበር የተውጣጡ ልጆች ስም ለመጠያየቅ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበራቸው። ወላጆቹ ለማን እንደሚጮሁ ግራ ገባቸው፤ አንዱ አባት ለሁሉም ሲጮሁ ድምፃቸው ጠፋ። «ቡድኑስ?» ብለው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው፤ የትኛውን ቡድን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልገባኝም።

በሚቀጥለው ዓመት የምቀይረው አለ። ቅልቅል ቅብብሉን ለመጨረሻ ቀን አላቆየውም፤ ኅዳር ላይ ኮምቦልቻ ወርደን አንዴ እናደርገዋለን፣ ልጆቹ እስከ ግንቦት እንዲተዋወቁ። ገልብጦ ማስጀመሩን ደግሞ ለ12 እና ለ13 ዓመቶቹ አላደርገውም፤ እነሱ ቀድመው ሲነሱ ይደነግጣሉ፣ ከአቅማቸው በላይ ይወጣሉ። ለእነሱ ሰዓትም ባልይዝ ይሻላል።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሳጥኑን ከፍተን ጫማዎቹን ቆጥረን መዝግበናል። 16 ዓመት የሞላቸው አስረክበዋል። 41 እና 42 ቁጥር ተርፎናል፣ 37 እና 38 ያጥረናል። የኮምቦልቻው አሠልጣኝ የእነሱ ተቃራኒ ነው ስላለኝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሳጥኑን በሚኒባስ ጭኜ በሐረጎ እወርዳለሁ።