አራት ጣት የማይሞላ በረዶ

ዘንድሮ ለጥምቀት ደብረ ብርሃን ገብቼ ከዘመድ አዝማድ ጋር ስንጫወት ወሬው ዞሮ ዞሮ እኔ የምኖርባት የአሜሪካዋ አትላንታ በጥቂት በረዶ ቀጥ ባለችበት ሌሊት ላይ አረፈ። «በዚህች በረዶ ነው አገር ሙሉ ሥራ የሚፈታው?» አሉኝ አጎቴ። የመንዝ ሰው ናቸው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጭ ለብሶ ሲያድር እያዩ፣ በጠዋት ከብት አውጥተው ያደጉ። ቢገርማቸው አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የሞቃት አገር ሰው በረዶ ፈራ ተብሎ ሲሳቅበት ደስ አይለኝም። ያቺን ሌሊት አይቻታለሁ።

ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም ነው። አትላንታ ላይ የጣለው ቢለካ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። መጀመሪያ ሰፈሩ በደስታ አበደ። በረዶ አይተው የማያውቁ ሕፃናት ከመኪና ላይ በእጃቸው እየዛቁ ይወራወራሉ። ትልልቁ ሰው ፎቶ ያነሳል። ሱቅ ውስጥ ዳቦና ወተት ወዲያው አለቀ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ሱቁም ሰውን ባንድ ጊዜ ለቀቀ። መንገዱ በመኪና ጢም አለ። ጨው የሚበትነው መኪና እንኳ ማለፊያ አጣ። ጎማ ሥር የቀለጠው በረዶ መልሶ ሲረጋ አስፋልቱ መስታወት ሆነ። ብዙ ተማሪዎች ትምህርት ቤት አደሩ። አውራ ጎዳና ላይ፣ መኪና ውስጥ የተወለደች ሕፃን ሁሉ ነበረች። እኔም መኪናዬን ዳር አስይዤ በእግሬ ገባሁ።

የምንኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ነው፤ አበሻ የሚበዛበት። የደብረ ሲናዋ ጎረቤታችን የወጥ ጨው በቡና ስኒ እየሰፈሩ ደረጃው ላይ ሲበትኑ ደረስኩ።

«ኧረ እትዬ፣ ጨውዎ አለቀ እኮ!»

«ጨው ይገዛል። ልጆቹ ቢሰበሩስ?»

የዚያን ሌሊት ቤታቸው መንገድ ለቀረ ሁሉ ክፍት ነበር። ሽሮ ቀምሳ የማታውቅ አንዲት ነርስ ከመንዝ የመጣ ባና ለብሳ ሳሎናቸው አደረች። እንዲህ ያለ ደግነት ሳይ አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

ለአጎቴ የነገርኳቸው ይህን ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ ጣርማ በርን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንወርድ እኛ ደገኞቹ ምን እንሆናለን? ካፖርቱ ይወልቃል፣ ላብ በላብ፣ ጥላ ፍለጋ። የሮቢት ሰው ደግሞ እዚህ ሲያድር ጥርሱ ይንገጫገጫል። ፈሪ ሆኖ አይደለም። ቆላ ሰው ወፍራም ጋቢ ምን ያደርግለታል? አትላንታም ያው ናት። በስንት ጊዜ አንዴ ለሚጥል በረዶ እንደ ሰሜኗ ሚኒሶታ የበረዶ መጥረጊያ መኪና አትደረድርም። ሰዉም የበረዶ ጎማ አይገዛም። ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ በረዶ እየቀለጠ እየረጋ ስለሚያድር ከደረቁ የሰሜን በረዶ ይልቅ ያንሸራትታል።

ከዚህ ወደዚያ የምትሄዱ ልጆች፣ ብርድ ለምጃለሁ ብላችሁ በረዶ ላይ እንዳትነዱ። ብርድ መቻልና በረዶ ላይ መንዳት አይገናኙም። ይጥላል ከተባለ በጊዜ ግቡ፣ ወይም ካላችሁበት አትነቃነቁ። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስና ውኃ አይጥፋ። በረዶ የረጋበት የመኪና መስታወት ላይ የፈላ ውኃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል። ድልድይ ከሥሩም ነፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይረጋል። ሳትደርሱበት ፍጥነት ቀንሱ፤ ላዩ ላይ ግን ድንገት ፍሬን አትያዙ።