በሲፎን ውስጥ የምትቀመጠው ውሃ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ውሃ ጠፍቶ ሲሰነብት ከመታጠቢያ ቤት የሚመጣውን ሽታ ያውቀዋል። አብዛኛው ሰው «ማንሆሉ ሞልቶ ነው» ይልና በረኪና ይደፋል፣ ዕጣን ያጨሳል። ብዙ ጊዜ ግን ማንሆሉ ምንም አልሆነም። የደረቀው እዚያው ወለሉ ሥር ያለው ሲፎን፣ ማለትም ውሃ ይዞ ሽታን የሚያግደው የቧንቧ እጥፍ ነው። በረኪናው ለጊዜው ሽታውን ሲያጠፋ እንኳ ሥራውን የሠራው አብሮት የፈሰሰው ውሃ ነው።

ስለ አውሮፓ ፈጠራዎች ሲወራ የእንፋሎት ሞተርና ባቡር ቀድመው ይነሳሉ። እኔ ከእነሱ እኩል የማስቀምጠው ይህንን የታጠፈ ቧንቧ ነው፤ ሽንት ቤትን ከጓሮ አውጥቶ ከመኝታ ክፍል ጎን ያስቀመጠው እሱ ነውና። በውሃ የሚታጠብ ሽንት ቤት ቀደም ብሎም ነበር። እንግሊዛዊው ሰር ጆን ሃሪንግተን በ1596 እ.ኤ.አ. አሠራሩን በጽሑፍ አሳውቋል። ነገር ግን ከጉድጓዱ የሚመለሰውን ሽታ የሚያግድ የታጠፈ ቧንቧ አልነበረውም፤ በየቤቱም አልተስፋፋም። በ1775 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቧንቧ እንደ እባብ አጥፎ የፈጠራ መብት አወጣበት። በእጥፉ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ቆሻሻ ያልፋል፣ አየር ግን አይመለስም። ከሚንግ ከላይ የሚንሸራተት መዝጊያም ገጥሞለት ነበር። መዝጊያው ያስቸግር ስለነበር ከ3 ዓመት በኋላ ጆሴፍ ብራማ በማጠፊያ በሚከፈት ክዳን ተካው። ዛሬ ሁለቱም መዝጊያዎች ከቤታችን ጠፍተዋል፤ እጥፉ ግን ሳይለወጥ እስከ እኛ ደርሷል።

አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። በሲፎኑ ውስጥ የሚቆመው ውሃ ጥልቀት በአብዛኛው ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስትና አራት ጣት ቢሆን ነው። በቤታችንና በፍሳሽ መስመሩ መካከል ያለው ግድግዳ ይኸው ብቻ ነው። በለንደን ውሃ ስለማይጠፋ ማንም አያስበውም። እዚህ የከተማው ዳር ላይ ግን ውሃው በፈረቃ ነው፤ ስለዚህ ሲፎኑን እኛው መጠበቅ አለብን።

ቀድሞ የሚደርቀው የሻወሩ ወለል ማፍሰሻ ነው። ርካሹን ዓይነት ክዳኑን አንስታችሁ ብታዩት ሥሩ የተገለበጠ ኩባያ የሚመስል ፕላስቲክ አለው። ውሃ የሚይዘው በኩባያው ከንፈር ዙሪያ ብቻ ስለሆነ ጥልቀቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ቶሎ ይተናል። ከዚህ የባሰው፣ ፀጉር እየያዘ ውሃ ሲያቁር ሰዎች ኩባያውን ነቅለው መጣላቸው ነው። እሱ ከሌለ ማፍሰሻው ክፍት ጉድጓድ ማለት ነው። አውጥታችሁ እጠቡት፣ ፀጉሩን ልቀሙ፣ ከዚያ መልሳችሁ በቦታው አስገቡት። ፀጉርና ክር መልቀም ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ በሲፎኑ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ክር ልክ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ ታች ይስበዋል።

በየሳምንቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ውሃ ማፍሰስ በቂ ነው። ለእጥበት የዋለ ውሃም ይሆናል። ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ወይም ብዙ የማትጠቀሙበት ማፍሰሻ ካለ፣ ውሃውን ከሞላችሁ በኋላ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩበት። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። በየቀኑ በምትጠቀሙበት ሲንክ ላይ ግን አታድርጉት፤ ወዲያው ታጥቦ ይሄዳል፣ ቅባቱም መስመሩን ይደፍናል።

ሽንት ቤቱ የራሱ ጣጣ አለው። ከኋላው ያለው የውሃ ሳጥን ሲለቀቅ አብዛኛው ውሃ ከሲፎኑ ተስቦ ይወጣል። ሳጥኑ መልሶ ሲሞላ አንዲት ቀጭን ቱቦ ጥቂት ውሃ ወደ መቀመጫው ትልካለች፤ ሲፎኑን መልሳ የምትሞላው እሷ ናት። ቱቦዋ ከቦታዋ ወልቃ ሳጥኑ ውስጥ ወድቃ ብዙ ጊዜ ትገኛለች፤ ክዳኑን ከፍቶ በመሐል በቆመው ቧንቧ አፍ ላይ መልሶ መሰካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ውሃ ጠፍቶ በባልዲ ስትጠቀሙ ደግሞ የሚሞላ ነገር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ 6 ሊትር ያህል በአንድ ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ድፉ፤ ቀስ ካላችሁ ቆሻሻውን አይስበውም። ከዚያ አንድ ሊትር በጆግ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። ይህችን የመጨረሻዋን ሊትር ውሃ ለመቆጠብ ሲባል የሚተዋት ብዙ ነው፤ ሽታውም የሚመጣው በእሷ መቅረት ነው።

የወጥ ቤቱን ሲንክ በተመለከተ ክፉው ልማድ ያ የሚተጣጠፈው ሽንሽን ቱቦ ነው። ተስቦ ቀጥ ተደርጎ ወለሉ ላይ ካለው ቧንቧ ውስጥ ከገባ፣ ከሥር ሌላ ሲፎን ከሌለ በስተቀር ምንም የሚያግድ የለም ማለት ነው። በቱቦው እጥፍ መሥራት ይቻላል፤ የእጥፉ ታች ከመውጫው ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበልና እንዳይዘረጋ በሽቦ ይታሰር። ሽንሽኑ ግን ቅባትና የምግብ ፍርፋሪ ይይዛል፤ ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር የጠርሙስ ሲፎን ገዝቶ መግጠም ይሻላል። የታችኛው ኩባያ በእጅ ይፈታል፤ ባልዲ ከሥር አድርጋችሁ ታጥቡታላችሁ። ስትመልሱት ጎማው ሳይጣመም በቦታው መቀመጡን አረጋግጡና በእጅ ብቻ አጥብቁት። በፒንሳ ሲጠብቅ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ቱቦው ወለሉ ላይ ካለው ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ያለው ክፍተትም በጎማ ወይም በሲሊከን ይዘጋ፤ በጨርቅ መወተፍ አያስተማምንም። እንዲሁም በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሲፎን አይደረግም። በመካከላቸው አየር ይታፈንና ውሃው እየተንቀራፈፈ ይወርዳል።

የትኛው እንደሚሸት ካልታወቀ በሌሊት እያንዳንዱን ማፍሰሻ በፌስታልና በፕላስተር ሸፍኑ፣ ጠዋት አንድ በአንድ እየከፈታችሁ አሽትቱ። በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ማንሆል ውስጥም ማንም አይግባ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፍቷል» ሲባል ነው ሰው የሚሞተው።

ነገሩ የሽታ ብቻ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ስብስብ ከ300 በላይ ሰዎች ሳርስ በተባለው የመተንፈሻ አካል ተላላፊ በሽታ ተይዘዋል፤ ምርመራው ለስርጭቱ ምክንያት ካላቸው ነገሮች አንዱ የወለል ማፍሰሻ ሲፎኖች መድረቅ ነበር።

ሲፎኑ ሞልቶ ሳለ ከሸተተ፣ ወይም ላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሲለቀቅ የእናንተ ማፍሰሻ ጉል ጉል ካለ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከቤታችሁ ውጭ ነው። ከ4ኛ ፎቅ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ውሃ ከኋላው አየር ይስባል። ያ አየር በጣሪያ ላይ ካለው የመተንፈሻ ቧንቧ መምጣት ሲገባው ቧንቧው ከተዘጋ ከየቤቱ ሲፎን ውሃውን መጦ ይወስዳል፤ ምድር ቤት ደግሞ ተገፍቶ አረፋ እያወጣ ይመለሳል። ጣሪያ ላይ ሮቶ ወይም ዲሽ ሲተከል ይህ ቧንቧ ይቆረጣል፣ ይደፈናል፣ ወፍም ጎጆ ይሠራበታል። ጣሪያ ላይ መውጣት የለመደ ባለሙያ አፉን ከፍቶ ሽቦ ወንፊት ይግጠምበት። ሥራው የአንድ ቤት ጉዳይ ስላልሆነ የብሎኩ ኮሚቴ ይያዘው፣ በዚያው መስመር ላይ ያሉት ቤቶችም ከምድር እስከ 4ኛ ወጪውን ይካፈሉት።